በጉንጩ ላይ የቀረው ክብ

ሕፃኑ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ሦስት ወር ከአሥር ቀኑ ነው። የትንሿ አልጋ አንሶላ አንዲት ሽብሽብ ሳይኖረው ተወጥሯል፤ ሽንት ጨርቆቹ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ወተት የሞላ ጡጦ ቆሟል፤ ማንም አልነካውም። ክፍሉ ውስጥ ሥርዓት ያጣ ነገር ቢኖር እኛ ነበርን፤ አራት ፖሊሶች፣ ጫማችን ጭቃ በጭቃ።

ቀስ ብዬ ሳገላብጠው ግራ ጉንጩ ላይ ምልክት አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ናት፤ ዙሪያዋ ጠርዝ አለው፤ መሃሏ ላይ ነጠብጣብ ነገሮች ይታያሉ። “ተመትቷል” አልኩ በሆዴ። መሳሳት የጀመርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው። ይህን የምጽፈውም ጎበዝ መርማሪ መሆኔን ለማሳየት አይደለም።

ሞግዚቷ ኩሽናው በር ላይ መሬት ቁጭ ብላለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿን በብብቷ ቀብራለች።

“በጀርባው ነው ያስተኛሁት፣ ጌታዬ” አለችኝ።

“ታዲያ ማን ገለበጠው?”

“እኔ አላውቅም።”

“በዚህ ዕድሜው ራሱ አይገለበጥም። ከቤት ወጥተሽ ነበር?”

“አልወጣሁም።”

ፈጥና ነው የመለሰችው። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ እውነት ትንሽ ታመነታለች፣ ውሸት ግን ትሮጣለች። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ “ትዋሻለች” ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ደረቷ ላይ ልብሷ ረጥቦ ነበር፤ ከሥሩ “ከፍርሃት የተነሳ ያልባታል” ብዬ ጨመርኩ።

አባትየው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የእኛው ጣቢያ ሃምሳ አለቃ ነው፤ የሌሊት ተረኛ። ልጁ ሲወለድ ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ይዤ እዚሁ ቤት መጥቻለሁ። ሲያየኝ ተነሳ፤ አቀፍኩት፤ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ።

“ከተራ የወጣሁት አምስት ሰዓት ላይ ነው” አለኝ። “ስደርስ ጩኸት ነበር።”

“አይዞህ ወንድሜ” አልኩት። “አባት፦ ሥራ ላይ” ብዬ ጻፍኩና ገጹን ገለበጥኩ። ለዚያች መስመር የፈጀሁት ጊዜ ሩብ ደቂቃ አይሞላም።

በጣቢያችን አንድ አባባል አለ። ጡረታ የወጡት የቀድሞ አዛዣችን ያስተማሩን ነው፦ ሕፃን ሲሞት መጨረሻ የያዘውን ያዝ። ስንት መዝገብ በዚህች ዓረፍተ ነገር ዘግተናል። መጨረሻ የያዘችው ሞግዚቷ ናት፤ ስለዚህ ሞግዚቷን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው ሲያዩዋት አንዷ “የሰው ልጅ የማያሳዝናት” አለች፤ ዝም በይ አላልኳትም።

*

ከሕንፃው ሥር ያለው ሱቀኛ አይነ ንቁ ሰው ነው። ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ቀኑን ሙሉ የሚገባና የሚወጣውን ይቆጥራል።

“ልጅቷን አይቻታለሁ” አለ። “ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እየሮጠች ወጣች። አምስት ሰዓት ላይ እየሮጠች ተመለሰች። ጩኸቱ የተሰማው ከዚያ ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።”

“በመሃል እንግዳ ሰው ወደ ቤቱ ገብቷል?”

“እንግዳ? እንግዳ አልገባም።”

ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ልጅቷ ሕፃኑን ብቻውን ጥላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠፍታለች፣ ዋሽታለችም። ጣቷ ላይ ደግሞ ክብ ፈርጥ ያለው የመዳብ ቀለበት አለ።

በነጋታው ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ቀለበቱን አስወለቅኳት።

“ሲያለቅስ መታሽው?”

“እኔ? እሱን?” ስትል አፏ ተከፍቶ ቀረ። “ጌታዬ፣ ልጁን እኮ እወደዋለሁ።”

“የት ሄደሽ ነበር?”

ቀለበቱ የወጣበትን ጣት በሌላው እጇ ሸፈነች።

“ሱቀኛው አይቶሻል። የት ሄደሽ ነበር?”

“ልብስ ላሰጣ።”

“ለአንድ ሰዓት ተኩል?”

አንገቷን ደፋች። የምታፍር ሰው ናት አልኩ፤ የምታፍረው ደግሞ በሠራችው ነው አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ። ያን ቀን ለአለቃዬ “ነገ ትናገራለች” ብዬ ቃል ገባሁ።

*

አስከሬን የምትመረምረው ዶክተር ጠዋት ጠዋት ካልሆነ ሰው አታነጋግርም። ቀለበቱን ይዤ በዚያው ጠዋት ደረስኩባት። ጓንቷን እያወለቀች ቀለበቱን በማስመሪያዋ ጫፍ ገፋችልኝ።

“ይህን ውሰድልኝ። በሦስት ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ መሃሉም ልሙጥ ነው። ደግሞ ልጁ አልተመታም። ከቆዳው ሥር ደም አልፈሰሰም። ምልክቱ የመጫን ነው። አንድ ጠንካራ ነገር ላይ ጉንጩ አርፎ፣ ሳይነሳ ቆይቷል።”

“ፍራሹ ላይ?”

“ፍራሹ ላይ ምን ክብ ነገር አገኘህ?”

ምንም አላገኘሁም። አንሶላው ልሙጥ ነበር።

“ሌላም አለ” አለች። “ሆዱ ውስጥ ወተት አለ። ከመሞቱ አንድ ሰዓት ግድም በፊት ጠግቦ በልቷል።”

“ጡጦው ሙሉ ነው እኮ።”

“እሱን አንተ ፈልግ። መርማሪው አንተ ነህ።”

ወንበር ሳትሰጠኝ ራሷ ተቀመጠች። ምን ገደለው ብዬ ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች።

“አሁን ባለው የለም። ስብራት የለም፣ መርዝ የለም፣ ሕመም የለም። ደህና የነበረ ልጅ ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል፤ አብዛኞቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይብሳል። መዝገብ በደንብ በሚያዝበት አገር ከሺህ ሕፃን አንድ እንኳ አይሞላም።”

“ትንሽ ነው።”

“ሂድና ለእናቱ ትንሽ ነው በላታ።”

“እኛ ጋስ?”

“እኛ ጋ ማን ቆጥሮ! እናንተ ታፍኖ ትላላችሁ፣ ቤተሰቡ በድንገት ይላል፣ እኔ ፈርሜ እሸኛለሁ።” ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። “አደጋውን የሚያበዛውን እናውቃለን። በሆድ ማስተኛት፣ ለስላሳ ትራስ፣ ሙቀት፣ የሲጋራ ጭስ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ማስተኛት፣ በተለይ የደከመ ሰው ከሆነ። በጀርባ አስተኙ ተብሎ በተነገረበት ቦታ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ግን አበዛው ማለት ገደለው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ሁሉም ተሟልቶለት ይሞታል። እናንተ ይህን ስትሰሙ አትወዱም፤ የሚታሰር ሰው የለውማ።”

ከዚያ ስወጣ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጡጦው ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን ጠግቧል። ማን አጠባው? የምታጠባው እናት ናት። ስለዚህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወደ እናትየው ሄድኩ።

*

እናትየው ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ልጇ በሞተ በሁለተኛው ቀን እዚያው ነበረች፤ ሥራ አይደለም የያዘችው፤ ጥግ ላይ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም አለችኝ።

ጓደኛዋ ወደ ጎን ጠርታኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። “ያን ቀን ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ተኩል አልነበረችም። ደንበኛ እየጠበቀቻት ጠፋች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ካልተናገርኩ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

ወደ እናትየው ተመለስኩ። ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ልጁን ታጠቢው ነበር?”

“ወተቴ ከወር በፊት ቆሟል።”

“ያን ቀን ጠዋት ቤት ተመልሰሽ ነበር?”

“አልተመለስኩም።”

“አንድ ሰዓት ጠፍተሻል። የት ነበርሽ?”

ፊቷ በአንዴ ቀላ። ከዚያ በእጇ ወደ ጓዳ አመለከተች። በሩን ገፋ አደረግኩት። የታጠቡ ፎጣዎች ቁልል አለ፤ ቁልሉ መሃል ላይ የሰው ገላ ያህል ጎድጉዷል።

“ተኝቼ ነበር” አለች ከኋላዬ። “ሦስት ወር አልተኛሁም። ለአሥር ደቂቃ ብዬ ነው የገባሁት። ልጄ ሲሞት ፎጣ ላይ እያንኮራፋሁ ነበር ብዬ ለማን ልንገር? ለእርስዎ ልንገር?”

 ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

*

የሴቶች ማቆያ ጠባቂዋን ሁላችንም እትዬ ቁልፍ እንላታለን። አምስት ልጅ ያሳደገች፣ ኮሚሽነሩንም የማትፈራ ሴት ናት። ጣቢያ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ።

“አንተ፣ ያቺን ልጅ ምን ብለህ ነው ያሰርካት?”

“ምን ሆነች?”

“ገላ መታጠቢያው ላይ ቆማ ጡቷን እያለበች ወተት ታፈሳለች። እያለቀሰች። ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። ‘ያልባታል’ ብለህ ጽፈሃል አሉ። ላብና ወተት አትለይም እንዴ? እናትህ በምን አሳደገችህ?”

 ልጅቷን አስጠራኋት።

“ልጅ አለሽ።”

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ልጇ አራት ወሩ ነው። ሁለት ሰፈር አልፎ እህቷ ጋ ነው የምታውለው። ስትቀጠር ልጅ አለሽ ወይ ብለዋት ነበር፤ የለኝም አለች፤ ልጅ ያላትን ሞግዚት የሚቀጥር የለማ። የሃምሳ አለቃው ልጅ ጡጦ እምቢ ሲላት ደግሞ አንጀቷ አልችል ብሎ ከራሷ አጠባችው። ያን ቀንም ሦስት ሰዓት ላይ አጥብታ በጀርባው አስተኛችው። እንቅልፍ ሲወስደው የራሷን ልታጠባ ሮጠች።

“ትቼው መሄዴ ጥፋት ነው” አለች። “እሱን አልክድም። ስመለስ ተኝቷል ብዬ አልገባሁበትም፤ ምሳ ስሠራ ቆየሁ፤ ኋላ ገብቼ ሳየው ነው የጮኽኩት። ግን ጌታዬ፣ ልጄን ያየው ሰው አለ? እህቴ የምትሰጠው የላትም። ከትናንት ጀምሮ ምን እንደበላ አላውቅም።”

በዚያች ደቂቃ ልለቃት እችል ነበር። አልለቀቅኳትም። ለአለቃዬ ነገ ትናገራለች ብያለሁ። ሁለት ሕፃን ያደከማት ሴት፣ አንዱን ልታስወግድ ትችላለች ብዬም አሰብኩ። ይህን አሰብኩ፤ እጄ እየጻፈ ያፍራል።

“ይጣራል” አልኳት።

ሁለተኛውንም ሌሊት እዚያው አደረች።

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ክንዴን ተንተርሼ እንቅልፍ ጣለኝ። የቀሰቀሰችኝ እትዬ ቁልፍ ናት፤ ፊቴን አየችና ሳቋ አመለጣት።

“አስተኝተው ማኅተም የመቱብህ ትመስላለህ። ሂድ ተጣጠብ፣ ሰው ሳያይህ።”

መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ግራ ጉንጬ ላይ ክብ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ዙሪያዋ ጠርዝ አለው፤ መሃሏ ላይ አምስት ነጠብጣብ። እጅጌዬን ገልብጬ አየሁት። የደንብ ልብሳችን ቁልፍ ነው፤ መሃሉ ላይ ኮከብ ያለው። እጅጌው ላይ አለ፤ የደረት ኪሱ ላይም አለ። ሃያ ሦስት ዓመት በየጠዋቱ በእጄ ስቆልፈው ኖሬያለሁ።

ውሃውን እንደከፈትኩት ትቼ ወደ ተረኞች መዝገብ ሄድኩ። መዝገቡ ከቢሮዬ አሥራ አንድ እርምጃ ርቆ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። በቀን አሥር ጊዜ አልፈዋለሁ። ሃምሳ አለቃው ያን ቀን ተራ ያስረከበው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከጎኑ የታወቀው ጠማማ ፊርማው አለ።

ከዚያ ወደ ሱቀኛው።

“እንግዳ አልገባም ብለኸኝ ነበር።”

“አልገባም።”

“ሃምሳ አለቃውስ?”

“እሱማ ገብቷል። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ገባ፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣ፣ ኋላ ደግሞ ከጩኸቱ በኋላ ተመለሰ።” ግራ ገብቶት አየኝ። “ሃምሳ አለቃው ለቤቱ እንግዳ ነው እንዴ?”

በጣቢያችን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የምትለውን ተረት አዲስ ለሚመጣው ሁሉ የምደጋግመው እኔ ነኝ።

*

በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ቡናማ ሶፋ አለ፤ መሃሉ ረግቧል። እሱ ሶፋው ላይ አልተቀመጠም፤ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ካለው ደረቅ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። እኔም ሶፋውን ሸሸሁት።

“ሦስት ሰዓት ላይ ነው የፈረምከው” አልኩት።

ብዙ ጊዜ አላስጠበቀኝም።

“ስገባ ብቻውን ያለቅሳል” አለ። “ቤት ውስጥ ሰው የለም። አነሳሁት፤ ደረቴ ላይ ሳደርገው ዝም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት። የደንብ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ለአንድ አፍታ ብዬ እዚያ ላይ ጋደም አልኩ።” ሶፋውን ሳያይ በአገጩ ጠቆመው። “ስነቃ አይተነፍስም። ጠራሁት። አፉ ላይ ተነፈስኩለት። ምን ያላደረግኩት አለ። ከዚያ አልጋው ላይ መለስኩት። በሆዱ ያደረግኩት ፊቱን ማየት ስላቃተኝ ነው።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዴት ብዬ? ፖሊስ ነኝ። ልጄ ደረቴ ላይ ሞተ ብዬ?” የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። “ደረጃው ላይ ስታቅፈኝ፣ አሁን ይጠይቀኛል አልኩ። ብትጠይቀኝ እናገር ነበር። እውነቴን ነው። አልጠየቅከኝም።”

“ሴትየዋ ሁለት ሌሊት ታስራለች።”

“አውቃለሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነው።”

የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቶ እናትየው ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። መጥታ ከጎኑ ቆመች።

“እኔም በዚያች ሰዓት ተኝቼ ነበር” አለችው።

እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

“ታዲያ ገደለው ነው የሚባለው?”

“ዶክተሯ አይባልም ትላለች። ከደከመ ሰው ጋር መተኛቱ አደጋውን ያበዛዋል፤ ገደለው ብላ ግን አትፈርምም። አልጋው ላይም ቢሆን ሊሞት ይችል ነበር። ላይሞትም ይችል ነበር። አይታወቅም።”

“አይታወቅም” አለች፤ ቃሉን ደጋግማ አለችው። የሚረዳት ቃል አልነበረም። ሌላ ግን አልነበረኝም።

ሃምሳ አለቃው ቃሉን እዚያው ጻፈ፣ ፈረመ። እኔም ጣቢያ ተመልሼ ስለ ራሴ አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ የአባትየውን ቃል አላጣራሁም፣ መዝገቡን አላየሁም፣ ሞግዚቷ የምታጠባ እናት መሆኗን ካወቅኩ በኋላም አንድ ሌሊት አቆይቻታለሁ። አለቃዬ አንብቦ “ይህ እንኳ ባይገባ” አለኝ። ይግባ አልኩት።

*

ሞግዚቷን በእግሬ ልሸኛት ብዬ ተከተልኳት። መንገዱን በሙሉ ከፊቴ ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላዋ፤ የሚያየን ሰው አሁንም ያሰርኳት ይመስለው ነበር። ሁለት ጊዜ ይቅርታ አልኳት። አልመለሰችልኝም።

የእህቷ ቤት አንድ ክፍል ናት። እህቷ ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ነበረች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስኳር ውሃና ከጎረቤት የተለመነ ወተት በጡጦ ስትሰጠው ቆይታለች። ሞግዚቷ ነጠቀቻት ማለት ይቻላል። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ልጁ ጡቷን ገፋው። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እንደገና አስጠጋችው፣ እንደገና ገፋው። ጡጦውን እያየ ያለቅሳል።

“ምን ላድርግልሽ?” አልኩ ከበሩ።

ዞራ አየችኝ። እስከዚያች ቀን ጌታዬ እና እርስዎ ብላኝ ነው የኖረችው።

“ልብስህን አይቶ ነው የሚያለቅሰው” አለችኝ። “ውጣልኝ።”

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ጃኬቴን ጎተት አድርጌ ቁልፎቹን ሸፈንኩ፤ መሄድ ግን አልቻልኩም። ግድግዳው ሥር ቆሜ ልቅሶውን ሰማሁ። ረጅም ልቅሶ ነበር። ከዚያ በአንዴ ቆመ።

ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን ዝምታው ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ወደ በሩ ተመለስኩ። ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ፤ በምን ፊቴ ብዬ መለስኩት። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ፤ ሰው ቤት ሌባ ሆኜ ቆምኩ።

“ያዘ” አለች እህትየዋ ከውስጥ፣ በሹክሹክታ። “ቀስ፣ አትንኪው። ያዘ።”

ሳላንኳኳ ሄድኩ።